የሞታ ዋሻው ሰው

ስሙኝማ! የዛሬ 4,500 ዓመት ገደማ በጋሞ ደጋ አንድ ሰው ሞተ። ወገኖቹ ሞታ በምትባል ዋሻ ውስጥ ቀበሩት (የጎጃሟ ሞጣ እንዳትመስላችሁ)፤ ድንጋይ ከመሩበትና ሄዱ። ስሙን እነሱ ይወቁት፤ እኛ ዘንድ አልደረሰም።

ዘመናት አለፉ። እነ ካትሪን አርተርና ጆን አርተር የሚባሉ አርኪዮሎጂስቶች አገሩን ሲያስሱ የጋሞ ሽማግሌዎች ወደ ዋሻዋ መሯቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ተቆፈረ፤ አጽሙ ወጣ። ባይራ አሉት።

ዲኤንኤ ሙቀት ጠላቱ ነው። ለዚህም ነው የጥንት ዘረመል ሲባል ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ከብርድ አገር የሚመጣው። ባይራን ግን የደጋው ቅዝቃዜ ጠበቀው። ተመራማሪዎቹ የውስጥ ጆሮን የሚከበውን፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን አጥንት መረጡ፤ ከእሱ ጥቂት ዱቄት ወሰዱ። ከአፍሪካ ጥንታውያን ሙሉ ጂኖሙ የተነበበ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ።

ዱቄቱ ምን አለ? ወንድ ነው። ቆዳው ጥቁር፣ ዓይኑ ቡናማ ሳይሆን አይቀርም። ከደጋ ኑሮ ጋር የተላመደ ደም አለው። በጉልምስና ወተት እንዲስማማ ከሚያደርጉት የታወቁ የዘር ምልክቶች ግን አንዱም የለበትም። መልኩስ፣ አፍንጫውስ? እሱን ዘረመል ቁርጥ አድርጎ አይነግራችሁም፤ በየመጽሔቱ የምታዩት የጥንት ሰው ፊት ብዙው የሠዓሊ ግምት ነው።

ከዛሬዎቹ ሕዝቦች እጅግ የሚቀርቡት የደቡብ ኦሞ አሪዎች ሆኑ። ከእሱ ዘመን በኋላ፣ የዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ፣ ከምዕራብ እስያ በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባ ሕዝብ ነበር፤ ባይራ ያ ድብልቅ የለበትም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ መጽሔት ላይ ሲወጣ፣ ያ የእስያ ደም መላ አፍሪካን፣ የምዕራብ አፍሪካ ዮሩባዎችንና የመካከለኛው አፍሪካ ምቡቲዎችን ሳይቀር አዳርሷል አለ። ወሬው ዓለምን ዞረ። የዘረመል ተመራማሪዎቹ ፖንቱስ ስኮግሉንድና ዴቪድ ራይክ መረጃውን ቢፈትሹት ግን አልገጥም አላቸው። ለካስ የባይራ ጂኖም ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር፣ መረጃውን የሚያጣጥመው የኮምፒውተር ሥራ ተዘሏል! አጥኚዎቹ ሳያቅማሙ በ2016 መጀመሪያ ስህተታቸውን ለዓለም ተናገሩ። እኔ ከግኝቱ ይልቅ ይህችን አደንቃለሁ። የምሥራቅ አፍሪካው ውጤት ጸና፤ የምዕራቡና የመካከለኛው ወደቀ።

የድሮውን ወሬ ይዞ የሚሟገት ቢገጥማችሁ፣ እርማቱን አንብቦ እንደሆነ ጠይቁልኝ።