ትውልዱ ጋይንት፣ ፓስፖርቱ የውጭ፦ ቪዛ የሚያስፈልገው ማን ነው?

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወጥተው አሜሪካ የከተሙ ወገኖቻችን ለሠርግ ወይም ለተዝካር ሲመጡ “ለገዛ አገሬ ቪዛ?” ይላሉ። መልሱ ያለው ሁለት የሚምታቱ ነገሮችን፣ ማለትም ቋሚ ነዋሪነትንና ዜግነትን፣ በመለየት ላይ ነው።

ግሪን ካርድ የመኖሪያ ፈቃድ እንጂ ዜግነት አይደለም። ባለካርዱ ዜግነቱን እስካልቀየረ ድረስ ኢትዮጵያዊ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ሲመጣ ነፋስ መውጫም ሆነ ወገዳ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። የሚያሳስበው መመለሻው ነው። ከአሜሪካ ውጭ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለመቆየት ካሰበ አስቀድሞ የዳግም መግቢያ ፈቃድ ማውጣት አለበት።

የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። መካነ ኢየሱስ ተወልዶ ቢያድግም ቦሌ ሲደርስ የውጭ ዜጋ ነው። ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው የቱሪስት ቪዛ ነው። በኢንተርኔት አመልክቶ፣ ከፍሎ ይወስደዋል። ቆይታው በቀናት የተወሰነ ነው፤ ተቀጥሮ መሥራትንም አይፈቅድም። ዘመድ ጠይቆ ለሚመለስ ይበቃል።

ሁለተኛው “ቢጫ ካርድ” የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደ ሲሆን፣ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ሊያገኘው ይችላል። ዜግነቱን ትቶ ኤርትራዊ የሆነ ግን አይካተትም። ባለካርዱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይቀጠራል፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያፈራል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም በቋሚነት አይቀጠርም።

ቤተሰብ የሚያቃቅረው የመሬት ጉዳይ ነው። ካርዱ የቤት ባለቤት ቢያደርግም የእርሻ መሬት አያስገዛም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የእርሻ መሬት በነጻ የማግኘት መብትም የኢትዮጵያ አርሶ አደሮች ነው። ስለዚህ በወንድሙ ስም ማሳ “የገዛ” ሰው፣ ነገ ከወንድሙ ጋር ቢጣላ፣ ፍርድ ቤት ይዞት የሚቀርብ የሽያጭ መብት የለውም። ዶላሩም ወንድምነቱም አብረው ይሄዳሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚከተል አንድ ምክር አለ። ዜግነት የቀየሩ ወላጆች አሮጌውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት አይጣሉት። ውጭ የተወለደ ልጅ ነገ ቢጫ ካርድ ሲጠይቅ ትውልዱን በማስረጃ ማሳየት ይኖርበታል፤ የአያት ስም መቁጠር ብቻውን አይበቃውም።