ውስጡን ለቄስ፣ ውጩንስ ለማን?

እስቲ አንድ ቀን መሪ ውስጥ የጀበና ቡና ከሚጠጣበት በረንዳ ላይ ቁጭ በሉና «ጃፓን ሄጄ የማሸጊያ ዲዛይን ልማር ነው» ብላችሁ አውሩ። የሚመጣውን መልስ ከወዲሁ እንነግራችኋለን። አንዱ «ካርቶን ለመማር ነው ይሄ ሁሉ መንገድ?» ይላችኋል። ሌላው «ሰው ጃፓን ከሄደ ስለ መኪና ይማራል እንጂ መኪናው ስለመጣበት ሣጥን ይማራል እንዴ!» ብሎ ሰዉን ያስቃል። ቡናውን የሚያፈሉት እናት ደግሞ ከጀበናቸው ቀና ሳይሉ «እሱንማ ሾላ ገበያም ያስተምሯችሁ ነበር» ብለው ነገሩን ይዘጉታል።

ከሦስቱ የእኛን ድምፅ የሚያገኙት እናትየዋ ናቸው። ምክንያታችንን ለመናገር ግን መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄደን፣ ከጃፓን ምን ምን ስንማር እንደኖርን ማየት ሊኖርብን ነው።

ጃፓንን እንደ ትምህርት ቤት ማየት ለዚህ አገር ምሁራን የቆየ አመል ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ገና በምኒልክ ዘመን ማብቂያ ላይ መንግሥታችን የጃፓንን ፈለግ ቢከተል እንደሚበጀው ጽፈው ነበር። የታሪክ ሊቃውንት በኋላ እሳቸውንና መሰሎቻቸውን በጅምላ «ጃፓናይዘርስ» ብለው ጠሯቸው። ስሙ ስድብ ይመስላል፤ አይደለም። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ነጭ ያልሆነ፣ ንጉሠ ነገሥት ያለው፣ ለዘመናት በሩን ዘግቶ የኖረ አገር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከኃያላኑ እኩል ቆመ፤ እኛስ ምን ያንሰናል?

ሐሳቡ ወደ ተግባር የገባው በ1923 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 9 ቀን የታወጀውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በአርአያነት የተጠቀሙት እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣውን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ወራት ሳይቆይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልዑካን አስከትለው በባሕር ወደ ጃፓን ተጓዙ። ጃፓን ለንግሥ በዓሉ መልእክተኛ ልካ ስለነበር አጸፋውን መመለስ ነበረብን። ከንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ፊት ቀረቡ፣ ፋብሪካ ጎበኙ፣ ሲመለሱም ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በ1924 ዓ.ም. አሳተሙት።

እዚህች ላይ ትንሽ እንቁም። ማኅደር በግዕዙ ማደሪያ ማለት ነው። በየገዳሙና በየደብሩ ግን ማኅደር ሌላም ነገር ነው፤ የብራና መጽሐፍ የሚገባበት፣ በመጽሐፉ ልክ የተሰፋ፣ ክዳንና ማንገቻ ያለው የቆዳ ማስቀመጫ። መጽሐፉ ማኅደሩ ውስጥ ይገባና ከግድግዳው ችካል ላይ ይንጠለጠላል። ከአይጥ ይተርፋል፣ ከእርጥበት ይተርፋል፣ ጦር የመጣ ቀን ደግሞ አንገት ላይ ገብቶ ይሰደዳል። ዛሬ የዓለም ሙዚየሞች የሚሻሙባቸው ብራናዎቻችን ለዘመናት የዘለቁት በከፊል በዚህ ቆዳ ነው። ብላቴን ጌታ አስበውትም ይሁን ሳያስቡት፣ ለጃፓን መጽሐፋቸው የሰጡት ርዕስ የሚጀምረው በአገራችን ምርጥ ማሸጊያ ስም ነው። አስበውት ነው ብለን አንከራከርም፤ ግን ደስ ይላል።

ጃፓን በበኩሏ ወደ እኛ የመጣችው በመጽሐፍ ሳይሆን በጨርቅ ነው። በዚያው ዘመን የጃፓን ርካሽ የጥጥ ጨርቅ የአሜሪካኑን አቡጀዲ ገፍቶ ገበያውን ይዞት ነበር። ከዚያ የጣልያን ወረራ መጣና ሁሉም ተቋረጠ፤ ኅሩይም በስደት እንግሊዝ አገር አረፉ። ከነጻነት በኋላ ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን አሳተሙ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1949 ጃፓንን ጎበኙ፤ በ1953 ደግሞ አልጋ ወራሹ አኪሂቶ አዲስ አበባ መጡ። ጥያቄያችን ሁልጊዜ ያው ነበር፦ እንዴት ሠለጠኑ? መልሱም ያው፦ ሕገ መንግሥት፣ ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካ፣ ዲሲፕሊን። እንቁላል በምን ይጠቀልላሉ ብሎ መጠየቅ ለአንድ ሚኒስትር አይመጥንም፤ አንፈርድባቸውም።

ያልጠየቅነው ጥያቄ ራሱ መጥቶ በራችንን ያንኳኳው በ2000 ዓ.ም. ነው። ሚሌኒየሙን አክብረን የበዓሉን ቲሸርት ገና ሳናወልቅ፣ በግንቦት ወር፣ ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ የፀረ ተባይ ኬሚካል አገኘሁ አለች። ያኔ ጃፓን ከጀርመንና ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ከዋና ዋና የቡና ደንበኞቻችን አንዷ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ያወጣችው ደንብ፣ የተለየ መጠን ላልተቆረጠለት ኬሚካል ሁሉ የሚፈቅደው 0.01 ፒፒኤም ብቻ ነው። በአንድ ኪሎ ቡና የአንድ ሚሊግራም አንድ መቶኛ ማለት ነው። 60 ኪሎ የሚይዘው ጆንያ በሙሉ ሲመዘን እንኳ 0.6 ሚሊግራም ነው፤ በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም።

አገር ግራ ገባው። የቡና ገበሬያችን በአብዛኛው እንኳን ፀረ ተባይ ሊረጭ፣ ማዳበሪያም እምብዛም የማይገዛ ሰው ነው። ታዲያ ኬሚካሉ ከየት መጣ? ፍለጋው ከማሳ ወደ መጋዘን ወረደ፣ ጥርጣሬውም ጆንያው ላይ አረፈ። ጆንያ ቃጫ ነው። ቃጫ ደግሞ ሽታውንም፣ ዘይቱንም፣ ዱቄቱንም ይጠጣል፤ ትናንት ምን እንደተያዘበት፣ ምን እንደተረጨበት፣ ከምን ጎን እንደተደረደረ አይረሳም። ለጃፓን የምንሸጠው ቡና ክፉኛ አሽቆለቆለ።

«ውስጡን ለቄስ» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ላዩ አምሮ ውስጡ የማያስተማምን ነገር ሲገጥመን የምንለው ነው። ከልጅነታችን የተማርነው ላዩን እንዳናምን ነው፤ መጥፎ ትምህርት አይደለም። የ2000ው ቡና ግን የተገላቢጦሽ ሆነብን። ውስጡ ዓለም የሚመኘው ቡና፣ ያሳፈረን ላዩ! ለዚህ ዓይነቱ ነገር አባባል አላዘጋጀንም።

ታሪክ ቀልድ ታውቃለችና፣ አቶ መለስ ዜናዊ ጃፓንን ካይዘን አስተምሩን ያሉት በዚያው ዓመት ነው። በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፣ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት፣ አምስቱ «ማ»ዎች በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ተለጠፉ። ካይዘንን አናጣጥልም። ብዙ የተዝረከረከ መጋዘን አይተናል፣ ማጣራትና ማጽዳት የሚጎዳው ሰው የለም። ነገር ግን ካይዘን በአብዛኛው የሚያየው ከፋብሪካው አጥር ወዲህ ያለውን ነው። ዕቃው አጥሩን አልፎ ገዢው እጅ እስኪገባ ያለው መንገድ የሌላ ሙያ ነው፤ ያ ሙያ ማሸግ ይባላል።

ጃፓኖቹስ ይህን ሙያ ከማን ተማሩት? መልሱ የቡና እናታችንን ያስደስታል፦ ከገበያቸውና ከአያቶቻቸው። ኦካ ሂዴዩኪ የሚባል የግራፊክ ዲዛይን ባለሙያ ነበረ። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ በፕላስቲክ ስትጥለቀለቅ አይቶ፣ የድሮ ሰው ነገርን የሚቋጥርባቸውን ዘዴዎች ሳይጠፉ ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አወጣቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመው የእንግሊዝኛው ርዕስ «አምስት እንቁላል እንዴት ይጠቀለላል» የሚል ነው። በያማጋታ ገጠር አምስት እንቁላል በሩዝ ገለባ ይቋጠራል። ሙጫ የለው፣ ሚስማር የለው። እንቁላሎቹ በአንድ መስመር ተደርድረው፣ ገላቸው እየታየ፣ ገለባው እንደ ጣት ጨብጦ ይይዛቸዋል። ገዢው የሚገዛውን ያያል፤ ቋጠሮው ተንጠልጥሎ መንገድ ይሄዳል፤ እንቁላሉ ከተበላ በኋላ የሚጣል ቆሻሻ የለም፣ ገለባ ነዋ!

ሌላው ምሳሌያችን ኤኩዋን ኬንጂ ነው። በሂሮሺማው ቦምብ እህቱንና አባቱን አጥቶ የቡድሃ መነኩሴ ለመሆን የሠለጠነ፣ ኋላ ዲዛይነር የሆነ ሰው። እናቱ አኩሪ አተር ሶሱን ከትልቁ ጠርሙስ ወደ ትንሹ ሲገለብጡ የሚቸገሩትን ትዝ እያለው፣ ከመቶ ገደማ ሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1961 ያችን ቀይ ክዳን ያላትን የኪኮማን ጠርሙስ ሠራ። አዲስ አበባ ውስጥ የእስያ ምግብ የቀመሰ ሁሉ ያውቃታል። አፏ አያንጠባጥብም፤ ያ ብቻ ነው ምሥጢሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ካኦ የተባለው ኩባንያ በሻምፑ ጠርሙሱ ጎን ላይ በእጅ የሚዳሰስ ስንጥቅ አወጣ፤ ዓይነ ስውር ሰው ወይም ዓይኑን አረፋ የገባበት ሰው ሻምፑውን ከኮንዲሽነሩ እንዲለይ። ሐሳቡን ለራሱ አልደበቀውም፤ ሌሎቹም እንዲጠቀሙበት ለቀቀው።

ይህ ሁሉ ሲባል ጃፓን ቅድስት አይደለችም። አንዷን ብስኩት በላስቲክ፣ ላስቲኩን በትሪ፣ ትሪውን በሣጥን፣ ሣጥኑን በከረጢት የምታደርግ አገር ናት፤ ለአንድ ሰው በሚደርስ የፕላስቲክ ማሸጊያ ቆሻሻ ከዓለም ቀዳሚዎቹ ውስጥ ትቆጠራለች። ይህኛው ለእኛ ይቅርብን።

አሁን ወደ ሾላ እንውረድ። ቅቤው በኮባ ቅጠል ነበር የሚጠቀለለው፤ ቅጠሉ ቅቤውን ያቀዘቅዘዋል፣ ጠረኑንም አያበላሽም። እንቁላል በጭድ ውስጥ ተቀብሮ ከገጠር ይመጣል፤ ልክ እንደ ያማጋታው ገበሬ የአጨዳ ትራፊ ነው። መንገደኛ ስንቁን የሚይዝበት አገልግል ከስንደዶና ከአክርማ ተሰፍቶ በቆዳ ይለበጣል፤ ስፌቱ ቅርጽ ይሰጠዋል፣ ቆዳው ወጡ እንዳይፈስ ይይዛል፣ ጠፍሩ ክዳኑን አጥብቆ ማንጠልጠያም ይሆናል። ጃፓኖች ካሬ ጨርቅ አጣጥፈው ዕቃ የሚቋጥሩበትን ፉሮሺኪ ዓለም ሁሉ ሲያደንቅ፣ እናቶቻችን በነጠላ ጫፍ ሳንቲም መቋጠራቸውን ማንም ስም አልሰጠውም። ቆሎ በደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ ሲሸጥ የሌላ ልጅ የሒሳብ ፈተና እያነበብን በልተናል። ከእንጦጦና ከየካ ተራራ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ይዘው የሚወርዱ ሴቶች እሥራቸውን እንዴት እንደሚያጠብቁት ልብ ብላችሁ እዩ፤ ያ ሁሉ ቅርንጫፍ በአንድ ገመድ ተጠፍሮ ቁልቁለቱን ሳይፈታ ይወርዳል። ሸክሙን ማሞገሳችን አይደለም፤ የሰውን ወገብ የሚሰብር ሸክም ምንም ውበት የለውም። እውቀቱን ነው የምንለው።

ይህን ሁሉ ምን ተካው? ፌስታል። ቅቤው በፌስታል፣ ሽሮው በፌስታል፣ ትኩስ ወጥ ሳይቀር በፌስታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ስሱን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ከልካዩንም የከለከለው አልነበረም፣ ፌስታሉንም። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የአንድ ጊዜ ፌስታልን ጨርሶ የሚያግድ፣ ይዞ የተገኘን የሚቀጣ አዋጅ አጸደቀ። ደግ አደረገ። ግን የመሪ ባለ ሱቅ ግማሽ ኪሎ ስኳር በምን ይስጥ? አዋጅ አይነግረውም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚመልሰው ዲዛይነር ነው፤ ኮባን ያየ፣ አገልግልን ፈትቶ የገጠመ፣ ወረቀት ሳይጣበቅ እንዴት እንደሚቆም የተማረ ሰው። እኛ ግን ኦካ አልነበረንም። አገልግሉን ሙዚየም አስገብተን «ባህላዊ ዕቃ» አልነው፤ ማሸጊያ ብለን አላጠናነውም።

ስለዚህ ከመካከላችሁ የጃፓን ነጻ የትምህርት ዕድል የሚሞክር ካለ፣ እስቲ ይህን አስቡበት። የጃፓን መንግሥት የትምህርት ሚኒስቴር ዕድል በኤምባሲው በኩል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጃፓን ለአንድ ሺህ የአፍሪካ ወጣቶች ቃል ገብታ የጀመረችው የአቤ ዕድል ደግሞ ከማስተርሱ ጋር ኩባንያ ውስጥ ልምምድ ይጨምራል። ዲዛይን የሚማሩባቸው ቺባ፣ ታማ፣ ሙሳሺኖ የሚባሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ለምርምር ተማሪነት የሚያመለክት ሰው ምን እንደሚያጠና ጽፎ እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ጭንቅ ይይዘዋል። እኛ እንበድራችሁ። ሽታና ኬሚካል የማይጠጣ የቡና ጆንያ። ቦሌ ላይ ሻንጣ ውስጥ ፈንድቶ የሰው ልብስ የማያቀላ የበርበሬ እሽግ፤ ዲያስፖራው በሙሉ ይመርቃችኋል። ያለ ፌስታል የሚሸጥ ቅቤ።

ከዚያ ቶኪዮ ስትደርሱ የቡና መደርደሪያውን እዩ። የኢትዮጵያ ቡና እዚያ ሲሸጥ የኖረው «ሞካ ሲዳሞ»፣ «ሞካ ሐረር» እየተባለ ነው። ሞካ የእኛ መንደር አይደለም፤ የየመን ወደብ ነው። ቡናችን በድሮ ዘመን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከዚያ ስለሚጫን ስሙ ተለጥፎበት ቀረ። ወደቡ የቡና ንግዱን ካጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከረጢቱ ላይ ግን ዛሬም አለ።