ንዳድ ከቆላ ወደ ደጋ

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እና ሶሐባዎቻቸው ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ ከተማይቱ ትኩሳት የበዛባት ነበረች። አቡበክርና ሐበሻዊው ቢላል (ረ.ዐ) ታመው ወደቁ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ትኩሳቱ ከመዲና ወጥቶ ወደ ጁህፋ እንዲሄድ አላህን (ሱ.ወ) ለመኑ።

የአገራችን ሰው ደግሞ ከንዳድ የሚሸሸው ደጋ ላይ በመስፈር ነበር። ቆላ ወርዶ የሚያርስ ገበሬ እንኳ ለማደር ሽቅብ ይመለሳል። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ ወርዳ የተቆረቆረችው አዲስ አበባም የደጋ ከተማ ናት። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከሥሩ ያለችው የካም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ «ወባ የቆላ በሽታ ነው» ብለን ተኝተናል። የጠበቀን ግን ብርዱ ነው። ገዳዩ የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይሻል፤ ከ18 ዲግሪ በታች እጅግ ይዘገያል፤ እሱ ሳይደርስ ትንኟ ትሞታለች።

አጥሩ ብርድ ከሆነ፣ ሙቀት ሲጨምር ምን ይሆናል? አባቶቻችን አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ዝናቡም ሙቀቱም ከወትሮው በለጠ፤ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ደጋ ላይ ወባ እንደ ሰደድ እሳት ገባ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በሽታውን የማያውቅ ሕዝብ ሰውነቱ መከላከያ አልነበረውም። አላህ ይማራቸው።

ያ የአንድ ዓመት ጉዳይ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በደብረ ዘይት ዙሪያ ከ1993 እስከ 2005 የተመዘገበውን ወባ የመረመረ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሞቃት በሆኑ ዓመታት በሽታው ወደ ከፍታ እንደሚወጣ አሳይቷል። ደብረ ዘይት ደግሞ ሩቅ አገር አይደለችም።

ሌላም አለ። የምናውቃት የወባ ትንኝ የገጠር ናት፤ ኩሬና ረግረግ ትወዳለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው፣ መነሻዋ እስያ የሆነው «ስቴፈንሲ» ግን ከተሜ ናት፤ በበርሜልና በሮቶ ውሃ ውስጥ ትፈለፈላለች። በ2022 ድሬዳዋን ያስጨነቀው ወባ ከእሷ ጋር ተያይዟል። በ2013 እዚያው ድሬዳዋ የታየውን የደንጊ ትኩሳት የምታዛምተውም ትንኝ ቤት ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ወዳጅ ናት። በእኛ ሰፈር ደግሞ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ለውዱእም ለወጥም ብሎ በርሜል ያልደረደረ ቤት ጥቂት ነው።

«የአላህ ቀደር ከሆነ ምን እናደርጋለን?» የሚሉ አሉ። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ሲመለሱ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ይህንኑ ጠይቀዋቸው ነበር። መመለሱም ራሱ ከቀደር እንደማይወጣ መለሱላቸው፤ ግመሉን በደረቁ ዳገት ትቶ ለምለሙ ላይ የሚያሰማራን እረኛም ምሳሌ አደረጉ።

እንግዲህ በርሜላችን ይከደን። ከቆላ ለዒድ የመጣ ዘመድ ሲያተኩሰውም «የእንጦጦ ብርድ መትቶት ነው» ብሎ ከማሳደር፣ በዚያው ዕለት ደሙን ማስመርመር ነው።