ያልደረሰን ጥሪ፦ ከኖኪያ ባትሪ እስከ ኖት 7

ባለፈው ክረምት ቤታችን ውስጥ አንድ ፓወር ባንክ አበጠ። ኢተያን ለምታውቋት አዲስ አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ ስልኩም፣ የልጆቹ ጥናትም በፓወር ባንክ ነው የሚያድረው። ቀድማ ያየችው እናቴ ናት። "ይሄ ነገር እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፣ አውጣልኝ!" አለችኝ። በማግስቱ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ባለሱቁ ገልበጥ አድርጎ አየውና "ወንድሜ፣ አንዴ ከሱቅ ከወጣ እኛን አይመለከትም" አለኝ። ደረሰኝ አልነበረኝም። ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ይህ ዕቃ አደገኛ መሆኑ በሌላ አገር ታውቆ "መልሱ" ተብሎ ቢታወጅ፣ ኢተያ ላለነው ማን ይነግረናል? ወደ ኋላ ሄጄ ታሪኩን ሳገላብጥ የሚገርም ነገር አገኘሁ። ዓለም ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ተጣርቷል። ሁለቱንም ጊዜ የእኛ መስመር ዝግ ነበር።

የመጀመሪያው ጥሪ፦ ነሐሴ 1999

ቢ ኤል 5 ሲ የሚባለውን የኖኪያ ባትሪ የማያስታውስ አለ? ኖኪያ 1100 የያዘ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞሯል። ዛሬም በገበያ በሚሸጡ ትንንሽ ሬዲዮኖችና ስፒከሮች ውስጥ ያው መልክ ያለው ባትሪ አለ።

ነሐሴ 8 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ሚሊኒየሙን ልንቀበል ሽር ጉድ ስንል፣ ኖኪያ ለመላው ዓለም ማስጠንቀቂያ አወጣ። ማትሱሺታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ካመረታቸው ቢ ኤል 5 ሲ ባትሪዎች ውስጥ 46 ሚሊዮን ያህሉ ቻርጅ ሲደረጉ ከመጠን በላይ ሊግሉ ይችላሉ አለ። በወቅቱ 100 ያህል አጋጣሚዎች ተመዝግበው ነበር። ከባድ ጉዳት አልተሰማም። መፍትሔውም ቀላል ነበር። ባትሪውን ነቅለህ ጀርባው ላይ ያለውን 26 ፊደልና ቁጥር ታያለህ፣ ድረ ገጽ ላይ ታስገባለህ፣ ከተበላሹት ወገን ከሆነ በነፃ ይቀየርልሃል።

እስቲ ይህን በ1999 ዓ.ም. ኢተያ ላይ አስቡት። ኢንተርኔት በየትኛው መስመር? የጽሑፍ መልእክት እንኳ በአገሪቱ ከ1997ቱ ምርጫ ማግሥት ጀምሮ ተዘግቶ ነበር፤ የተከፈተው ሚሊኒየሙ ሲገባ መስከረም 2000 ላይ ነው። ስልክ ነበረን፤ በስልኩ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር መላላክ አንችልም ነበር። ማስጠንቀቂያው ከነሐሴ ወጥቶ ከእኛ ጆሮ ሳይደርስ ቀረ። ባትሪዎቹም እስኪያብጡ አገለገሉ፤ ካበጡም በኋላ ክዳኑን በላስቲክ አስረን ተጠቀምንባቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ብዙዎቻችን በደኅና አለፍን። በደኅና ማለፍ ግን ጥበቃ ማግኘት አይደለም።

በመካከል፦ የደረሰው ጥሪ

ጥሪ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የራሳችንን አየር መንገድ እንመልከት።

ጥር 2005 ዓ.ም. ላይ በሁለት የጃፓን አየር መንገዶች ድሪምላይነር አውሮፕላኖች ባትሪ ላይ ችግር ስለተፈጠረ፣ በዓለም ያሉት ድሪምላይነሮች በሙሉ ከበረራ ታገዱ። የኢትዮጵያም አራቱ ቆሙ። ባትሪው ከተስተካከለ በኋላ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከዓለም ቀድሞ መንገደኛ ጭኖ የበረረው ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሄደው የእኛው አውሮፕላን ነበር።

ታሪኩ ግን አላለቀም። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ንግሥተ ሳባ የተባለችው ድሪምላይነር ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርባት ቆማ ሳለ ጭራዋ አካባቢ በእሳት ተያያዘች። የእንግሊዝ መርማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ያገኙት ትልቁን ባትሪ አልነበረም። አውሮፕላን ሲከሰከስ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በሊቲየም ባትሪ ይሠራል። የባትሪው ሽቦዎች ክዳኑ ሲዘጋ ተጨፍልቀው እርስ በርስ ተገናኝተዋል። አንድ ሽቦ አለቦታው በመታጠፉ አውሮፕላን ተቃጠለ።

ልብ በሉ ከዚያ በኋላ የሆነውን። ቃጠሎው በተነሣ በሳምንቱ መርማሪዎቹ ያ መሣሪያ በድሪምላይነሮች ላይ እንዳይሠራ ይደረግ ብለው አሳሰቡ። የዚያ ዓይነት መሣሪያ 6,000 ያህል በልዩ ልዩ አውሮፕላኖች ላይ ተገጥሞ ነበር፤ የት የት እንዳለ ታውቆ ተፈተሸ። ለምን ተቻለ? አውሮፕላን ላይ ያለ እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩ መዝገብ ላይ አለ፣ መዝገቡን የያዘ ኃላፊ ሰው አለ።

ሁለተኛው ጥሪ፦ ነሐሴ 2008

ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7ን ለሽያጭ ያቀረበው ነሐሴ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ቡሄ ብለን ችቦ ባበራን ማግስት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስልኩ ራሱ ችቦ ሆነ። ነሐሴ 27 ቀን ኩባንያው 2.5 ሚሊዮን ስልኮችን እንደሚሰበስብ አስታወቀ። መስከረም 5 ቀን 2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ጥሪውን በይፋ ሲያጸና፣ በዚያ አገር ብቻ 92 ስልኮች መጋላቸው፣ 26 ሰዎች መቃጠላቸውና 55 የንብረት ጉዳቶች መድረሳቸው ሪፖርት ተደርጎ ነበር።

ደንበኛው ስልኩን መለሰ፣ ምትክ ተሰጠው፣ "ይሄ ደኅና ነው" ተባለ። መስከረም 25 ቀን ያ ደኅና የተባለው ምትክ ስልክ በአሜሪካ ሊነሣ በተዘጋጀ አውሮፕላን ውስጥ ጨሰ፤ መንገደኞቹ በጥድፊያ ወረዱ። ጥቅምት 1 ቀን ሳምሰንግ ምርቱን ጨርሶ አቆመ። ደንበኞች ስልኩን የሚመልሱበት እሳት የሚችል ሳጥን ከጓንት ጋር በፖስታ ተላከላቸው። ሺህ ብር ቢከፈለኝ ያንን ሳጥን ሲከፍቱ ፊታቸውን ማየት እመርጣለሁ! አንመልስም ብለው የያዙትንም ኩባንያው በሶፍትዌር ቻርጅ እንዳያደርጉ አደረጋቸው።

ጥር 15 ቀን 2009 ዓ.ም. ምክንያቱ ተነገረ። 700 ተመራማሪዎች 200,000 ስልኮችና 30,000 ባትሪዎች መርምረዋል። ባትሪ ውስጥ ሁለት ወገኖች አሉ፤ በመካከላቸው ስስ መጋረጃ አለ። መጋረጃው ከተቀደደ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ይግላል፣ ግለቱ ሌላ ግለት ይወልዳል። በመጀመሪያዎቹ ስልኮች ባትሪው ጥግ ላይ ተጨንቆ ታጥፏል። በምትኮቹ ደግሞ ብየዳው ላይ የቀረ ሹል ብረት መጋረጃውን ወግቷል። ምትኩ የተቸኮለበት ሥራ ነበር።

እኛስ በዚያ ሰሞን የት ነበርን? መስከረም 22 ቀን ቢሾፍቱ ላይ የእሬቻው እልቂት ደረሰ። በመስከረም ማብቂያ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። አርሲ ውስጥ የነበረ ሰው ያንን ጊዜ አይረሳውም። የዓለም ሕዝብ "ስልክህን አጥፋና መልስ" ሲባል፣ እኛ የወገኖቻችንን ደኅንነት እንኳ ለማወቅ መስመር አጥተን ነበር። በዚያ ሐዘን መካከል የስልክ ባትሪ ማን ያስባል? ኖት 7 የያዘ ሰው ኢተያ ላይ አላየሁም፤ ዋጋውም የእኛ አልነበረም። ነገሩ ግን ስለ ኖት 7 አይደለም። መስመር የሚዘጋ ሰው የፖለቲካ ወሬ ብቻ የዘጋ ይመስለዋል፤ አብሮ ግን "ይህ ባትሪ ይቃጠላል" የሚለውንም ይዘጋል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

"የእኛ አገር ገበያ ለዚህ አይመችም፣ ዕቃው በሻንጣ ነው የሚገባው" የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ግን ሙሉ መልስ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም ቀፎዎችን መመዝገብ ጀምሮ ነበር። *#06# ስትጫኑ የሚመጣው ቁጥር ማለት ነው። ሳምሰንግም የተበላሹትን ስልኮች የለየው በዚያው ቁጥር ነው። የኮንትሮባንድ ቀፎ ለመዝጋት የሚያገለግል መዝገብ፣ "ወገኔ፣ የያዝከው ስልክ አደገኛ ነው" የሚል አንድ አጭር መልእክት ለመላክ እንዴት ያቅተዋል?

ፓወር ባንክ ያ ቁጥር የለውም። በሰኔ 2017 ዓ.ም. አንከር የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ ብቻ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ፓወር ባንኮች እንዲመለሱ ጥሪ አድርጓል። ለእንዲህ ያለው ሰው ለሰው መንገር ያስፈልጋል። አርሲ ደግሞ ይህን ያውቅበታል። ስንዴ ላይ ዋግ ሲመጣ ወሬው ከቁሉምሳ ምርምር ማዕከል ወደ ልማት ሠራተኛው፣ ከልማት ሠራተኛው ወደ ገበሬው ይወርዳል፤ ገበያና እድር ላይ ይነገራል። ለስንዴው የምናደርገውን ለልጆቻችን መኝታ ቤት ማድረግ አያቅተንም። ሞባይል ጠጋኞቻችን የመጀመሪያዎቹ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያበጠውን ባትሪ ቀድሞ የሚያየው እነሱ ናቸው።

ሕጉም አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በገዛው ዕቃ ለተጎዳ ሰው ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እኔ ሱቁ በር ላይ ዝም ብዬ የተመለስኩት መብት ስለሌለኝ አልነበረም፤ ደረሰኝ ስላልነበረኝና ስላፈርኩ ነው። ከእንግዲህ ደረሰኝ ሳልቀበል አልወጣም።

እስከዚያው ድረስ ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አታድርጉ። አትብሱት፣ ምድጃ ውስጥም አትጣሉት። ስልክ ትራስ ሥር አድርጎ ቻርጅ እያደረጉ መተኛት ይቅር።

ያበጠችውን ፓወር ባንክ እናቴ ከቤት አስወጥታ፣ ግቢው ጥግ ሸክላ ውስጥ አሸዋ አልብሳ አስቀምጣታለች። ማንም አላስተማራትም፣ ማንም አልጠራትም። ሁልጊዜ ግን በእናት ዓይን ብቻ መዳን አንችልም።

ይህን ለአንድ ሞባይል ጠጋኝ ወዳጃችሁ አድርሱልኝ።