የኖሪልስክ የናፍጣ መፍሰስ
እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 2020 በሰሜን ሳይቤሪያ፣ በኖሪልስክ ከተማ አቅራቢያ የደረሰ የአካባቢ ብክለት አደጋ። የማዕድን አምራቹ የኖርኒኬል ንዑስ ኩባንያ በሚያስተዳድረው የኃይል ማመንጫ የነበረ ግዙፍ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ተደርምሶ 21,000 ቶን ገደማ ናፍጣ ፈሰሰ። አብዛኛው ዳልዲካንና አምባርናያ ወንዞች ውስጥ ገብቶ ውሃውን አቀላው። ኩባንያው ሰበቡን ለዘመናት ረግቶ የኖረው በረዷማ አፈር በመቅለጡ ላይ አደረገ፤ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ግን የንድፍና የግንባታ ጉድለትም አገኙ። የምድር መሞቅ እውነት ነው፤ የባለቤቱን ኃላፊነት ግን ከቶ አይሽርም። አካባቢው በሚገኝበት በታይሚር ባሕረ ገብ መሬት ዓሣ በማጥመድና አጋዘን በማርባት ለሚኖሩት ዶልጋንና ኔኔትስን ለመሰሉ ነባር ሕዝቦች ወንዝ ማለት ቀለብ ነው። በ2021 ፍርድ ቤት ኩባንያው ለአካባቢ ጉዳቱ 146 ቢሊዮን ሩብል ገደማ ካሳ እንዲከፍል ወሰነ፤ ገንዘቡም በዚያው ዓመት ተከፈለ።