የያሬድ መምህር ያላየው

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል የያዘ ተጓዥ ዛሪማንና አዲ አርቃይን አልፎ ወደ ጸለምት ይወርዳል። መንገዱን ከገደሉ ላይ የቀደዱት በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ናቸው። የተራራው ታሪክ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ማሕሌታዊው ቅዱስ ያሬድ ንጉሥ ገብረ መስቀልን ተሰናብቶ ከአክሱም የመጣው ወደዚሁ ወደ ሰሜን ተራሮች ነው፤ በዓሉም ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።

የልጅነቱን ታሪክ ያልሰማ ጥቂት ነው። አባቱ ሞቶበት ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ለትምህርት ገባ፤ መዝሙረ ዳዊት አልገባው አለ፤ ተገረፈ፤ ሸሸ። ማይ ኪራሕ ሲደርስ ከዛፍ ሥር አረፈና አንድ ትል እየወደቀ፣ ደግሞ እየተነሣ ዛፉን ሲወጣ አይቶ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ሁልጊዜ የምንነግረው ለሕፃኑ ነው፤ “አንተም እንደ ትሉ በርታ” እያልን። ለእኔ ግን ይበልጥ መስማት ያለበት መምህሩ ነው። አለንጋው ልጁን አባረረው እንጂ አላስተማረውም። ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ያወረሰን ደግሞ ያው ትምህርት አይገባውም የተባለው ልጅ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤቱ ሌላም ገጽ አለው። ዜማውና ቅኔው በቃል ስለሚያዝ፣ ማየት የማይችለው ተማሪ ከባልንጀሮቹ ጋር በአንድ ጉባኤ ይቀመጥ ነበር፤ መንገድም የሚመሩት እነሱው ናቸው። ጎጃም ተወልደው በሕፃንነታቸው ዓይናቸውን ያጡት አለቃ አያሌው ታምሩ በዚህ ትምህርት አድገው የሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢ እስከ መሆን ደርሰዋል። መስማት ለተሳነው ልጅ ግን ያው ጉባኤ ዝግ ነበር፤ ሁሉ ነገር በጆሮ የሚገባበት ቤት ለእሱ ምንም አላዘጋጀም።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ሰሌዳውና ደብተሩ ዓይነ ስውሩንም ከደጅ አስቀሩት። የተከፈቱለት እንደ ሰበታው መርሐ ዕውራን ያሉ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ነበሩ፤ ለገጠሩ ልጅም ሩቅ። የአማራ ሳይንቷ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ፣ ትምህርት የጀመረችው ከወሎ ሻሸመኔ ድረስ ሄዳ ነው። ኋላ ሕግ አጠናች፤ ለአካል ጉዳተኞች መብት በመሟገቷም በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ስኬቷ ያኮራል። ሆኖም አንዲት ሕፃን ፊደል ለመቁጠር ከወላጆቿ ያን ያህል መራቅ አልነበረባትም።

አካቶ ትምህርት የሚባለው ልጁ በሰፈሩ ትምህርት ቤት፣ ከእኩዮቹ ጋር፣ የሚያስፈልገውን ድጋፍ እያገኘ የሚማርበት ነው። ኢትዮጵያ ይህን መብት የያዘውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራም ካቋቋመ ቆይቷል። ይህ ዓይነቱ ሥራ ልጁ ወደ ተቋም እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ባለሙያው ራሱ ቤት ድረስ ይሄዳል።

ለሰሜን ግርጌ የሚያስፈልገውም ይኸው ይመስለኛል። እዚህ መንደርን ከመንደር የሚለየው ገደል ነው፤ እግሩ የማይታዘዝለትን ልጅ ተሽከርካሪ ወንበር ቢሰጡት እንኳ ዳገቱን አይወጣበትም። ብሬልና የምልክት ቋንቋ የሚያውቁ መምህራን ደባርቅና ዳባት ከተማ ላይ ቢመደቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሊማሊሞ በታች ያሉት ትምህርት ቤቶች ድረስ በቋሚነት የሚመላለሱበት በጀትና መጓጓዣ አብሮ ካልተያዘላቸው፣ የቆላው ልጅ እንደ የትነበርሽ አገሩን ጥሎ መሄድ ወይም ቤት መቅረት ይጠብቀዋል።