ሁለት ዓይን ያላቸው ሙታን

በአያቴ ቤት፣ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተሰቅለው ይኖሩ ነበር። የሁለት ልጆቿ ናቸው። ሁለቱም በ1969 ዓ.ም. በአምስት ወር ልዩነት በጥይት አለፉ። የተሰለፉት ግን በአንድ ወገን አልነበረም፤ የአንዱ ጓዶች ሌላውን ‹‹ጠላት›› ይሉት ነበር። አንዳንዱ ለቅሶ ደራሽ አንደኛውን ፎቶግራፍ እያየ ሲያለቅስ ከሁለተኛው ዓይኑን ያሸሽ እንደነበር እናቴ ታጫውተኛለች። አያቴ ግን የአንዱን አውርዳ የሌላውን አልተወችም።

ይህን ግድግዳ ያስታወሰኝ ሌላ ግድግዳ ነው፤ በሰሜን አየርላንድ፣ በቤልፋስት ከተማ ያየሁት።

ቤልፋስት ሙታኗን በግድግዳ ላይ የምታኖር ከተማ ናት። በፎልስ ጎዳና ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር መዋሐድን የሚሹት ካቶሊኮች፣ በሻንኪል ጎዳና ደግሞ ለብሪታንያ ዘውድ ታማኝ የሆኑት ፕሮቴስታንቶች ይኖራሉ። በመካከላቸው የተዘረጋው አጥር ሲጀመር፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ለጊዜው ብቻ የታሰበ ነበር፤ ዛሬም ቆሞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ማብቂያ አንሥቶ እስከ 1998ቱ የሰላም ስምምነት በዘለቀው ግጭት ከ3,500 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በፎልስ በኩል፣ በእስር ቤት ለ66 ቀናት ከምግብ ታቅቦ በ1981 በ27 ዓመቱ የሞተው ቦቢ ሳንድስ ከግድግዳ ላይ ፈገግ ብሎ ያያችኋል። በሻንኪል በኩል ደግሞ የዚያ ወገን ታጣቂዎችና ሰለባዎች በየግድግዳው ተሥለዋል፤ ስማቸውም በሰሌዳ ላይ ተቀርጿል።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያን አንድ ጥንታዊ ሥርዓት ነበራቸው። ጻድቃንን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሥሏቸዋል፤ ከሐዲዎችንና አጋንንትን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ተመልካቹ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ለማወቅ ጽሑፍ ማንበብ አያሻውም። የቤልፋስትን ግድግዳዎች ያነበብኩት በዚህ ሥርዓት ነው። በየሰፈሩ የራስ ሙታን በሁለት ዓይናቸው ያያሉ። የወዲያኛው ሰፈር ሙታን ግን አንዲት ዓይን እንኳ አልተሰጣቸውም፤ ጨርሶ የሉም።

አንድ ቅዳሜ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1993 የአይ.አር.ኤ. አባላት በሻንኪል ጎዳና ወደሚገኝ የዓሣ መሸጫ ቦምብ ይዘው ገቡ። ዒላማቸው ከሱቁ በላይ ይሰበሰባሉ የተባሉ የተቃራኒው ወገን ታጣቂ መሪዎች ነበሩ፤ በዚያ ሰዓት ግን ክፍሉ ባዶ ነበር። ቦምቡ ያለጊዜው ፈንድቶ ዐሥር ሰው ገደለ፤ ዘጠኝ ሰላማዊ ሰዎችንና ከቦምብ አድራሾቹ አንዱን። ከዘጠኙ ሁለቱ የ7 እና የ13 ዓመት ልጃገረዶች ነበሩ። በሻንኪል የዘጠኙ ስም በሰሌዳ ተጽፏል። በ20ኛው ዓመት፣ በ2013፣ ብዙም በማይርቀው በአርዶይን ሰፈር ለዐሥረኛው ሌላ ሰሌዳ ተገለጠ፤ የዘጠኙም ቤተሰቦች ቁስላቸው እንደ አዲስ ተነካ። በአንድ ፍንዳታ የሞቱ ዐሥር ሰዎች፣ በሁለት ግድግዳ ላይ፣ ዘጠኝና አንድ ሆነው ቀሩ።

ታዲያ አንድ ላይ ማን ይጻፋቸው? እ.ኤ.አ. በ2009 በመንግሥት የተሠየመ አንድ አማካሪ ቡድን፣ በግጭቱ ለሞተ ሰው ሁሉ፣ ታጣቂም ይሁን ሰላማዊ፣ ለቅርብ ቤተሰቡ 12,000 ፓውንድ ይሰጥ ሲል ሐሳብ አቀረበ። አዳራሹ በቁጣ ተናወጠ፤ መንግሥትም ሐሳቡን ጣለው። ቁጣው አይገርመኝም። የ7 ዓመት ልጇን የቀበረችን እናት ‹‹የገዳዩም እናት እንዳንቺው ናት›› ማለት ለተናጋሪው ይቀለዋል፤ ለሰሚዋ ግን ሁለተኛ መርዶ ነው።

ግድግዳ ያልቻለውን አንድ መጽሐፍ ችሎታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዴቪድ ማክኪትሪክና ባልደረቦቹ ‹‹የጠፉ ሕይወቶች›› የሚል ትርጓሜ ያለው ከ1,500 በላይ ገጾች ያሉት መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ የሟቾችን ሁሉ ታሪክ በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል ያኖራል። ወታደሩ፣ ታጣቂው፣ ሱቅ የሄደችው ሕፃን በየተራቸው ይመጣሉ። ዘጠኙና ዐሥረኛው በዚያ አብረው አሉ። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ማንንም አያጸድቅም፤ እያንዳንዱ ሰው እንዴት እንደሞተና ማን እንደገደለው አንድ በአንድ ይናገራል። እንደ እኔ አስተያየት ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ሙታንን አብሮ መቁጠር አንድ ነገር ነው፣ ሥራቸውን ማስተካከል ሌላ። የመጀመሪያውን ያለ ሁለተኛው ማድረግ ይቻላል።

በደሪ ከተማ ደግሞ አንድ የግድግዳ ሥዕል አለ፤ በ1971 በተኩስ መካከል የተገደለች የ14 ዓመት ተማሪ ከነደንብ ልብሷ ቆማለች። በ1999 ሲሣል ከአጠገቧ ሙሉ ጠመንጃ፣ ከራስጌዋ ቀለም ያልተቀባች ቢራቢሮ ነበሩ። ሠዓሊዎቹ ሰላሙን እስኪያምኑት ቆዩ። በ2006 ተመልሰው ጠመንጃውን ሰባራ አደረጉት፤ ቢራቢሮዋንም ቀለም ቀቧት። ግድግዳም ለካ ሊታረም ይችላል።

እኛም የምንጽፋቸው ሰሌዳዎች ገና አላለቁም። በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ የአንድ ዘመን ሙታንን ፊት ያሳየናል። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የተቀሰቀሰውና በ2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት የተደመደመው ጦርነት ሙታን ደግሞ አሁንም በየወገኑ ይለቀስላቸዋል። ድንጋዩ ሲቀረጽ ስንት ዓይን እንሰጣቸው ይሆን?

ለአያቴ ቀሏት ነበር ትሉ ይሆናል፤ ሁለቱም የማሕፀኗ ፍሬዎች ነበሩና። እውነት ነው፤ እኔም ከእርሷ የሚበልጥ ብርታት ከማንም አልጠይቅም። ዛሬ ፎቶግራፎቹ እኔ ዘንድ ናቸው። አያቴ ካረፈች ጀምሮ፣ እንግዳ ‹‹እነዚህ እነማን ናቸው?›› ብሎ እንዳይጠይቀኝ ፈርቼ፣ በካርቶን ውስጥ አኑሬያቸው ነበር። ከቤልፋስት በተመለስኩ በሳምንቱ አወጣኋቸው። በሁለት ሚስማር፣ ጎን ለጎን ሰቀልኳቸው። የሚጠይቀኝ ሲመጣ የሁለቱንም እነግረዋለሁ፤ ማን እንደነበሩ፣ ምን እንዳደረጉ፣ በማን እጅ እንደሞቱም።